ከአርባው በኋላም ኑ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ተዝካር ወጪ ብዙ ተብሏል። እኔ የምጽፈው ከተዝካር በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሠልስቱም አርባውም ይወጣል። ከዚያ ቤቱ ጭር ይላል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በጣም የከበደኝ ያ ጊዜ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ያበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው። እኔንም ያጽናናኝ፣ ብዙ ሳይናገር እየመጣ አብሮኝ ቡና የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር ጓደኛዬ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው! አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ "ተነሥ፣ የታመሙ ሰዎች እንጠይቅ" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ለቅሶዬ አልቀረም። ግን እሷን ሳስታምም የለመድኩትን አሁን ጠያቂ ለሌላቸው አደርገዋለሁ። ጠዋት የምነሣበት ምክንያት አገኘሁ። "ታምሜ ጠይቃችሁኛል" ያለውን ጌታም የማገኘው እዚያ ይመስለኛል።

ሰበካ ጉባኤዎችና እድሮች ከ40 ቀን በኋላ ሐዘንተኛ ቤት የሚሄድ ሰው ቢመድቡ ምን አለበት? ገንዘብ አይጠይቅም። እናንተም 80ውን አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሂዱ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ