ክፍለ ጊዜ ብቻ አይቁጠሩ፤ ተማሪም ይቁጠሩ

ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ስለ መምህራን የሥራ ጫና ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ በአካል አመለከትን። «እናየዋለን» ከተባልን ሙሉ ሴሚስተር አለፈ። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍንልዎ።

የመምህር ጫና የሚለካው በሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ብዛት ብቻ ነው። ጉዳቱን ያውቁታል፤ ሒሳቡን ግን እዚሁ እንሥራው። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ያለው ትምህርት የያዘ መምህር በ5 ክፍል 25 ክፍለ ጊዜ ይሞላል። በክፍል 60 ተማሪ ቢኖር 300 ይሆናሉ። በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ ብቻ ያለው ትምህርት የያዘች መምህርት ግን 24 ለመሙላት 12 ክፍል ትዞራለች፤ 720 ተማሪ። አንድ ወረቀት ማረም 3 ደቂቃ ቢፈጅ እሱ 15 ሰዓት፣ እሷ 36 ሰዓት ያርማሉ። ይህ ለአንድ ፈተና ነው፤ ተከታታይ ምዘና ደግሞ በሴሚስተር አንዴ አይደለም።

በእናንተ የጫና መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ግን እሷ በ1 ክፍለ ጊዜ ታንሳለች። ስለዚህ የክፍል ኃላፊነት ይጨመርባታል፦ የ60 ተማሪ የ10 ትምህርት ውጤት፣ 600 ቁጥር፣ ሮስተር (የክፍሉ ውጤት ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ላይ በእጅ መገልበጥ፣ መደመር፣ አማካይና ደረጃ ማውጣት። አንዱ ቁጥር ከተሳሳተ የብዙ ልጅ ደረጃ ይፋለሳል፤ እንደገና ትጀምራለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን ሲገልጽ ሦስት ነገር ጠቅሷል፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ልብን ከሥራው ማራቅ፣ የውጤታማነት መቀነስ። በክፍል ውስጥ እንዲህ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያጽፍ ጥያቄ ይቀርና እውነት ሐሰት ብቻ ይወጣል። ቀጥሎ የተማሪ ስም መያዝ ይቀራል። ከዚያ «ባስተምርም ባላስተምርም ያው ነው» ይመጣል። ያኔ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ስንፍና ብሎ ይመዘግበውና ከሥራ አፈጻጸም ነጥቧ ይቀንሳል። ያቃጠለን ይህ ነው! ጫናውን የጫነው አካል በጫናው ምክንያት ሊቀጣት አይገባም።

የቅዳሜ የጭንቀት ሥልጠና መድኃኒት አይሆንም፤ የማረሚያ ቀኗን ይወስዳል። ቅጹ ላይ ከክፍለ ጊዜው ጎን የተማሪ ብዛት ይግባ። ብዙ ክፍል ለሚዞር መምህር የክፍል ኃላፊነት አይሰጥ። ሮስተር በኤክሴል ይሠራ፤ ድምርና ደረጃውን ራሱ ያወጣዋል። 12ቱ ክፍል በአንድ ሳምንት ከሚፈተኑ በየሳምንቱ 4 ክፍል ይፈተን፤ ጥያቄ እንዳይሾልክ ለየዙሩ የተለየ ወረቀት ይዘጋጅ።

የሚቀጥለው ሴሚስተር ድልድል ከመውጣቱ በፊት ማኅተም ያለበት የጽሑፍ መልስ ይስጡን።

የትምህርት ቤቱ መምህራን