ቆሎ ደረሰ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳሽ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ፣ የልጅ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለደብዳቤሽ መልስ ነፍጌሽ ዛሬ እንደምን ከርመሻል ማለቴ ራሴንም ከብዶኛል። በ2009 የላክሽልኝን ደብዳቤ ከዳዊቴ መካከል አስቀምጬዋለሁ። አንዷን መስመር በቃሌ ይዣታለሁ፦ «እናቴ ጠላ ጠምቃ በሠራችው ቤት እናንተ በአራት ብር አርባ ዓመት ኖራችሁበት።»

አራት ብር መሆኑ እውነት ነው። ግን የምታውቂው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ እንዳልነግርሽ እናቴ በጊዮርጊስ አስምላኝ ነበር፤ በዚያ ላይ ደግሞ ተቀይሜሻለሁ፣ ይህንንም አልደብቅሽም። አሁን የንስሐ አባቴን አማክሬ፣ «የሚጎዳው ሰው ካልቀረ ንገሪያት» ስላሉኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በመጀመሪያ ግን ያልሰማሽው ካለ ልንገርሽ፦ ክፍሎቹ ባለፈው ዓመት ፈርሰዋል። መንገዱ ሲሰፋ እኛ ያለንበት መስመር ተነሣ። እኔ አሁን ልጄ ዘንድ አባይ ማዶ ነው የምኖረው። አዲሱን ድልድይ አይተሽው አታውቂም፤ 380 ሜትር ይሆናል፣ በ2016 ግንቦት ላይ ነው የተመረቀው። እሑድ እሑድ እሱን ተሻግሬ ጊዮርጊስን ለመሳለም እሄዳለሁ። ግንቡ የፈረሰ ዕለት ቆሜ ሳይ፣ ጭቃው ሲገመስ የቀለሙ ንብርብር ታየ፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከዚያ በታች እናትሽ በእጇ የለቀለቀችው ነጭ አፈር። ከዋናው ቤት የመብራቱ ሽቦ የሚገባባት ቀዳዳም ነበረች። ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ።

እናትሽ ማታ ማታ ጌሾ እየቀነጠሰች ስታጫውተን ታስታውሺያለሽ? ጣሊያን በ1928 ሲገባ እሷ ስምንት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ቤተ ክርስቲያኑንና ባሕሩን ተጠግቶ የተቀመጠ መንደር እንደነበረ፣ ከጣሊያን ጋር ወደብና መንገድ እንደመጣ፣ የሞተር ጀልባ ድምፅ መጀመሪያ ሲሰማ ሴቶቹ እንስራቸውን ጥለው እንደሸሹ ትነግረን ነበር። በኋላ ጃንሆይ ዋና ከተማውን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሊያዞሩ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ወሬው ወሬ ሆኖ ቀረ፤ ፋብሪካው ግን መጣ። በ1953 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። እናትሽም የጠላዋን ብር ፈትታ ከቤቷ ጓሮ ሁለት ክፍል አቆመች። ፋብሪካው ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ ነበርና የተሠራው፣ «ያኔ ከእንስራዬ ያሸሸኝ ዛሬ ተከራይ አመጣልኝ» ትል ነበር።

የመጀመሪያው ተከራይ አባቴ ነበሩ። ከአዴት በእግራቸው መጥተው ፈትል ክፍል ተቀጠሩ፤ ኪራዩም ስምንት ብር ሆነ። እኔ ያን ጊዜ ጡት የጣልኩ ሕፃን ነበርኩ፣ አንቺም እንደዚያው። የሌሊት ፈረቃ ሲሆኑ ንጋት ላይ የጥጥ ብናኝ ፀጉራቸውን አልብሶት ሲገቡ፣ አንቺ «አባትሽ በአንድ ሌሊት አረጁ» ብለሽ አስለቅሰሽኛል።

የጢስ ዓባይ ውኃ መብራት መስጠት ሲጀምር፣ በ1956 ይመስለኛል የምሥራቹ፣ በግቢያችን አንድ ቆጣሪ ገባ። ቆጣሪው በእናትሽ ስም ነበር። ከዋናው ቤት አንድ ሽቦ ወደ እኛ ክፍል ተሳበ፤ አምፖላችንን የምታበራውም የምታጠፋውም እሷ ነበረች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን «ተኙ!» ትላለች፣ ወዲያው ይጨልማል። አባቴ የሌሊት ፈረቃ የሚወጡ ዕለት ግን እስኪሄዱ ድረስ አታጠፋም። ሳትለመን። እኔ ስለ ጉርብትና ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሁለታችንን አስከትላ ወደ ባሕሩ ዳር ትወርድ ነበር። ጌሾውን ከገበያ ገዝታ አታውቅም፤ ከዘጌ ሰዎች እጅ ከታንኳው ላይ ትቀበላለች። ጭጋጉ ሳይገፈፍ ታንኳዎቹ ማገዶ፣ ጌሾ፣ ቡናና ሎሚ ተጭነው አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ አሁንም ይታየኛል። ጭነቱ ከወረደ በኋላ ደንገሉ ውኃ እንዳይጠጣ ታንኳውን ጎትተው በአፍጢሙ ያቆሙታል፤ በዳር በኩል ደርድረው ሲያቆሟቸው የቆሙ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ታንኳ መሥራትን ከአባቶቻቸው የወረሱት የወይጦ ቤተሰቦች እዚያው ዳር ደንገል ሲያስሩ፣ ሴቶቻቸው የወፍጮ ድንጋይና ሰፌድ ሲሸጡ እናይ ነበር። እናትሽ የገዛችው መጅ እስከ መጨረሻዋ ድረስ አገልግሏታል። አሁን በዚያ ዳር ሆቴልና መናፈሻ ነው ያለው። ውኃውንም እምቦጭ የሚባል አረም በብዙ ቦታ አስጨንቆታል፤ እሱን ሳይ ሆዴ ይታመማል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1967 አንቺ አሥራ አንደኛ ክፍል ስለነበርሽ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣሽ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ከእናቴ ጋር ቀርቼ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። በሬዲዮ ሲነገር እናትሽ ብቅል ታሰጣ ነበር፤ እጇን ሳታነሣ ጨረሰችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቀበሌ ሰዎች መጥተው በእኛ በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ዋናው ቤት ለእሷ፣ ሁለቱ ክፍሎች የመንግሥት ሆኑ። ኪራዩም በግማሽ ተቀነሰ። አራት ብር፣ ለቀበሌ።

የመጀመሪያውን ኪራይ ለቀበሌ የከፈልን ዕለት ማታ እናቴ ገብስና ሽምብራ ቆላች። ትንሿን ሙዳይ አውጥታ አራት ብር በጨርቅ ቋጥራ ከሥር አኖረች፣ ቆሎውን ከላይ ሞላችና «ለእትዬ አድርሺ» አለችኝ። አባቴ ዝም ብለው ይመለከታሉ። «ለቀበሌው ከፍለን የለም?» ብላት፣ «ስምንት ብር ብለን ነው የገባነው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ነው ያስማለችኝ። የተወረሰ ቤት ኪራይ መቀበል እናትሽን ሊያሳስራት ይችል ነበር፤ መስጠትም እንዲሁ።

እናትሽ ሙዳዩን ስትገለብጥ ቋጠሮውን አየችው። ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ ሙዳዩ ውስጥ ሎሚ ሞልታ ሰጠችኝና «ቆሎው ደርሷል በያት» አለችኝ። በየወሩ እንዲህ ሆነ። ስኳር በኅብረት ሱቅ ካርድ በሚታደልበት ዘመን፣ በየቀበሌው አብዮት ጥበቃ በሚዞርበት ሌሊት፣ ቆሎው አልተቋረጠም። ሙዳዩም ባዶውን አልተመለሰም፤ ወይ ብቅል፣ ወይ ሎሚ፣ ወይ ለትንሹ ወንድሜ የሹራብ ክር።

እንግዲህ አንድ ሌላ ነገርም አለ። ልጽፈው ወይስ ልተወው ብዬ ሦስት ቀን ቆይቻለሁ። ከዘመቻው የላክሽውን ደብዳቤ ለእናትሽ ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ፤ ፊደል አትቆጥርም ነበርና። በውስጡ «ትርፍ ቤት መወረሱ ደስ ብሎኛል፣ አንቺም ደስ ይበልሽ» የሚል ነበረበት። እሱን ዘልዬ ስለ ጤናሽና ስለ ዝናቡ የጻፍሽውን ብቻ አነበብኩላት። ልወቅስሽ አይደለም፤ አሥራ ሰባት ዓመት ነበርን፣ አንቺም ለድሃ ብለሽ ነው። እኔም ብማር ኖሮ እንደዚያው እጽፍ ነበር።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በቀበሌያችን አዳራሽ አስተማሪ ሆንኩ። እናትሽ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ሌሎቹ ስማቸውን ለመጻፍ ሲጣደፉ እሷ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «ቆሎ ማለትን አሳዪኝ» አለችኝ። «ቆ» እንቢ አላት፤ «ቀሎ» እያለች ነበር የምትጽፈው። አንድ ደብተር ገዝታ ሣጥኗ ውስጥ አኖረች። ማንበብ ስትለምድ ደብዳቤዎችሽንም ከሣጥኑ አውጥታ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። አንድ ማታ ጠላ ስትቀዳ፣ ቀና ሳትል፣ «ያቺን ዘለልሻት አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ደግ አደረግሽ» ብላ ጣሳውን ሰጠችኝ። በሕይወቷ እስክትለይ ስለዚህ ሁለተኛ አላነሣችም፤ አንቺም ስትመጪ በግ አሳርዳ ነው የተቀበለችሽ።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥም፣ ከተማው የክልል መቀመጫ ሆኖ ፎቅ ሲነሣም፣ ፖሊቴክኒኩና መምህራን ኮሌጁ አንድ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲባሉም ኪራዩ ያው አራት ብር ነበር፣ ቆሎውም ያው። አራት ብር አንድ ኪሎ ስኳር በማይገዛበት ጊዜ እንኳ እናቴ አላቋረጠችም። እሷ በ1995 ስታርፍ፣ በወሩ ሙዳዩን እኔው ሞልቼ ወሰድኩ። እናትሽ በሩ ላይ ቆማ «አንቺም?» አለች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም እስከ 2001 ታኅሣሥ ድረስ በየወሩ አደረስኩ። ጥር ላይ አረፈች። ለቀብር መጥተሽ ከአርባው በኋላ ሣጥኗን ይዘሽ ስትሄጂ፣ ቋጥኝ የሚያህል ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሸኘሁሽ።

ሣጥኑን እስካሁን እንዳልጣልሽው ተስፋ አደርጋለሁ። ከሥሩ፣ ከነጠላዋ በታች፣ ሽፋኑ አረንጓዴ የሆነ ደብተር አለ። ሳትገልጪው አልቀረሽም፤ የጠላ ዱቤ ነው ብለሽ ትተሽው ይሆናል። አሁን ደግመሽ ግለጪው። በየገጹ ወሩና ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፦ «ቆሎ ደረሰ»። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹ «ቀሎ» ነው የሚሉት። መቁጠር ከፈለግሽ ቁጠሪው፤ እኔ ግን ሒሳብ ልተሳሰብሽ አልጻፍኩም፣ እንድታነቢው ብዬ ነው።

ሙዳዩ እኔ ዘንድ አለ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የእህቴ ልጅ ነው፤ ትንሽ ቆሎ በከረጢት አስይዤዋለሁ፤ ገብስና ሽምብራ ነው፣ እንደ እናቴ አቆላል። መድረሱን ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ እህትሽ