ማኅተሙ ምን ያረጋግጣል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ሲወራ ወቀሳው ሁሉ ወረቀቱን በገዛው ሰው ላይ ይወርዳል። ዓይኑን ጨፍኖ የቀጠረውስ?

አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አመልካቹ ዲግሪውን ከነፎቶ ኮፒው ይዞ ይመጣል። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን ታያለች። ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚል ማኅተም ትመታለች። በቃ፣ ማህደር ውስጥ ገባ። ማኅተሙ ግን ኮፒው ዋናውን እንደሚመስል ብቻ ነው የሚናገረው። ዋናው ራሱ ፎርጅድ ከሆነስ? ተቋሙ በታሸገ ፖስታ ይሰጠዋል የሚባለው የውጤት ዝርዝር (ኦፊሻል ትራንስክሪፕት) ቢሆንም ስንት ጊዜ በባለቤቱ እጅ ይመጣል!

በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች የተጀመረው፣ ተማሪው ለመመረቅ ሊያልፈው የሚገባው የመውጫ ፈተና ጥሩ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሞላውን ማህደር ግን አያጠራም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሥራ ላይ የሚታየው ነው። ባለ ዲግሪ ነኝ የሚል አለቃ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር፣ ያቅተዋል። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እየተማረች ዲግሪዋን የያዘች ረዳቱ አምሽታ ትሠራለታለች። ፊርማውም ደመወዙም የእሱ ነው። ይህ ግፍ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ከበቂ በላይ ነው። ቀጣሪዎች በዚህ ጊዜ ውስጥ ዲግሪውን ለሰጠው ተቋም ሬጅስትራር፣ ማለትም የተማሪዎችን መዝገብ ለሚይዘው ክፍል፣ በቀጥታ ይጻፉ። ዲግሪው የውጭ አገር ከሆነ ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ይጠይቁ። መልሱም በሠራተኛው እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ይላክ።

አንድ የሂሳብ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ