ያ ጣውላ አይሽከረከርም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ላይ የወጣውን የአውሮፕላን ፎቶግራፍ አይቼ ሁለተኛውን የቡና ስኒ ሳልጨርስ ብዕር አነሳሁ። ፎቶግራፉ ጀርባው ላይ ረጅም ጣውላ መሳይ ነገር የተሸከመ የስዊድን ሳብ 340 ነው። ከሥሩ የተጻፈው ግን «የሚሽከረከር ራዳር የተገጠመለት ቃኚ አውሮፕላን» ይላል። ያ ጣውላ አየር ላይ ቢሽከረከር ኖሮ ጉዱ በታየ!

እኔ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ሬዲዮ ስጠግን 30 ዓመት አልፎኛል፤ ስለ አንቴና ስህተት ሲጻፍ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የሚሽከረከረው ሌላ ነው፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ ያስጀመሩት ኢ-3 ሴንትሪ የተባለ ቃኚ አውሮፕላን። ጀርባው ላይ የተሸከመው፣ 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የራዳር ሳህን አንድ ዙር ለመዞር 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ሳህኑ ዞሮ እንደገና እስኪያየው ባለችው 10 ሰከንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ እኔ በእግሬ ግማሽ ሰዓት የምጓዘውን መንገድ ማለት ነው።

የሳቡ ራዳር ግን፣ ስሙ ኤሪአይ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። በውስጡ የተደረደሩት ትንንሽ ማሰራጫዎች አንዱ ከሌላው በጥቂቱ እየዘገየ ሞገድ ሲለቅ ጨረሩ ራሱ አቅጣጫ ይቀይራል። ይህን ለሰፈር ልጆች ያስረዳሁት ክረምት ላይ ደጃፌ ባቆረው ውሃ ነው። ስድስቱ ተሰልፈው ጠጠር እኩል ሲጥሉ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከግራ ጀምረው ተራ በተራ ሲጥሉ ወደ ቀኝ አዘመመ። ከቦታው የተነቃነቀ ልጅ የለም። (ሱሪዬ በጭቃ ተለቅልቆ ከባለቤቴ የሰማሁትን አልጽፈውም።) ኮምፒውተር ይህን በዓይን ጥቅሻ ስለሚሠራው ጨረሩ ከአንዱ ዒላማ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የጠረጠረውን ቦታ እንደገና ለማየትም ዙር እስኪሞላ አይጠብቅም።

ጉድለት የለውም አልልም። ጣውላው የሚያየው በግራና በቀኝ ነው፤ ወደ አፍንጫውና ወደ ጭራው ዕይታው ይደክማል። አውስትራሊያ ከቦይንግ 737 ያሠራችው ዌጅቴይል የተባለ ቃኚ አውሮፕላን ለዚሁ ሲባል በጣውላው አናት ላይ እንደ ባርኔጣ የተደፋ፣ ፊትና ኋላ የሚያይ ተጨማሪ አንቴና አለው።

«የሚሽከረከር» የምትለዋን ቃል በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ። ፎቶግራፉስ አምሯል፤ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በመቀስ ቆርጬ።

ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከጅማ