«በጣት የሚቆጠር» ያላችሁት ተመልካች እኔ ቤት ብቻ 17 ነበር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴ ላይ ስለተካሄደው የክልሉ ፊልም ፌስቲቫል ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም። «ከኮምቦልቻ በኦንላይን የተከታተለው ተመልካች በጣት የሚቆጠር ነው» ይላል። ቀጠል አድርጎም «የፋብሪካ ከተማ በመሆኗ ነዋሪው ለፊልም ጊዜ አጥሮት ይሆናል» ይላል።

ስለ መክፈቻው፣ ስለ ሽልማቱ፣ ስለ አዳራሹ መድመቅ የጻፋችሁት ልክ ነው። ነበርኩበት፣ አይቻለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ያ ስለኛ የተጻፈው ነው።

ቅዳሜ ማታ እኔ ቤት ፊልሙን ያየነው 17 ሰዎች ነን። በግምት አይደለም፣ ቆጥሬ ነው። ተመልካች መቁጠር ደግሞ የቆየ ሥራዬ ነው። በ1990ዎቹ እዚሁ ኮምቦልቻ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ስድስት አግዳሚ። ሰው ሲገባ በር ላይ እቆጥራለሁ። መሀል ላይ ተነስቼ ደግሜ እቆጥራለሁ፣ በጓሮ የሚሾልክ ልጅ አይጠፋምና። አንዷን የህንድ ፊልም ካሴት በአንድ ቀን ስድሳ ሰው ያያታል። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ዛሬ ስንት ካሴት አጫወትክ?» ቢለኝ «አንድ» ነው የምለው። «እንግዲያው የነበረህ ተመልካች አንድ ነው» ብሎ ቢጽፍብኝስ? የእናንተ ዘጋቢ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የኦንላይኑን አሠራር ያላየ አንባቢ ካለ ላስረዳ። በስልክ ቁጥር ይመዘገባሉ፣ በቴሌብር ይከፍላሉ፣ ሊንክ ይላክልዎታል። ሊንኩ በአንድ መሣሪያ ነው የሚከፈተው። ሲስተሙ የሚመዘግበውም ያቺኑ አንድ መሣሪያ ነው። ከስክሪኑ ፊት አንድ ሰው ይቀመጥ ሰፈር ይሰብሰብ፣ አያውቅም። አዳራሽ ሲገባ ግን ትኬት የሚቆረጠው በነፍስ ወከፍ ነው። ስለዚህ ዘገባችሁ ደሴን በሰው፣ ኮምቦልቻን በመሣሪያ ቆጠረ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፈረደብን።

ቁጥሩን ዘጋቢው ከአዘጋጆቹ እንዳገኘው ይገባኛል። ዋሽቷል አልልም። ግን ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር አልጠየቀም። «ጊዜ አጥሮት ይሆናል» የሚለውን ግን ማንም አልሰጠውም፣ ከራሱ ነው ያመጣው። ከደሴ እኛ ጋ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መምጣት ቢከብደው አንድ ስልክ አይደውልም ነበር?

ኦንላይን ፌስቲቫል የተለመደው በኮሮና ጊዜ ነው። በ2012 ግንቦት ላይ የዓለም ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ተባብረው ዩቲዩብ ላይ ለአስር ቀን ፊልም ሲያሳዩ፣ ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ለየብቻው ነበር የሚያየው። ያ የበሽታ ጊዜ ነው። አሁን ማንም አልከለከለንም፣ ተሰብስበን ነው የምናየው። ደግሞም የአቅም ጉዳይ አለ። ቪዲዮ ጥራቱ መካከለኛ ሲሆን በሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይበላል፣ ጥራቱ ከፍ ሲል እስከ 3 ይደርሳል። 17 ሰው በየስልኩ ይህን ይግዛ? እኛ ያደረግነው ጥቅሉን አዋጥተን መግዛት ነው። የጎረቤት ልጅ ላፕቶፑን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘልን፣ አለቀ።

ማታውን ብታዩት ደስ ይላችሁ ነበር። አቦሉ ላይ አጫጭሮቹን ፊልሞች አየን። ቶናው ላይ ረጅሙ ተጀመረ። ጎረቤቴ ሀጂ ለመግሪብ ሲነሱ አቆምንላቸው፣ ሰግደው ሲመለሱ ካቆምንበት ቀጠልን። አንዴ መብራት ሄደ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም ነበር። አምስቱ ከሺፍት ወጥተው በቀጥታ የመጡ የፋብሪካ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ቱታቸውን እንኳ አላወለቁም። ሌላዋ ደግሞ ሌሊት ፋብሪካ ስትሠራ ያደረች ናት፣ እንቅልፏን ትታ እስከ መጨረሻው አየች። ጊዜ አጥሯቸዋል ብላችሁ የጻፋችሁት ስለ እነዚህ ልጆች ነው። ዘገባውን መጀመሪያ ያነበበችልኝም እሷው ነበረች፣ ስልኳ ላይ። አንብባ ስትጨርስ ዝም አለች። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ያን ዝምታ መቻል አቅቶኝ ነው።

«አዳራሹ ድረስ ለምን አልመጣችሁም?» የሚል ይኖር ይሆናል። መጥተናል። ዓርብ ዕለት ሰባት ሆነን ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘን የሐረጎን ዳገት ወጣን። ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። የእኛ አገር ሙቀት የለመደ ሰው ደሴ ሲደርስ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ይገባል፣ ጃኬት ያልያዘችው ልጅ ስትንቀጠቀጥ አመሸች። ግን አዳራሽ አዳራሽ ነው። ሦስት መቶ ሰው እኩል ሲስቅ ቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከጎኔ የተቀመጡ እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ፣ እኔም መቆጣጠር አቃተኝ። ፊልሙ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ ወጥቶ ከተመልካቹ ጋር ተወያየ። የምሽቱ ምርጥ ነገር እሱ ነበር።

ስንወጣ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ የለም። ፒያሳ ላይ በብርድ ቆመን፣ በመጨረሻ በኮንትራት ከታሪፉ አምስት እጥፍ ከፍለን ገባን። ይህን በየቀኑ የሚችል ማነው? ለዚህ ነው ቅዳሜና እሑድን በኦንላይን ያየነው። ፌስቲቫሉ ኦንላይን መኖሩ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አመስግኜ አልጠግብም። የመርሐ ግብሩ አንዱ ጥቅም እንደ እኛ ላለ ከተማ በር መክፈቱ ነበር። ዘገባችሁ ያንን በር ማንም እንዳልገባበት አድርጎ ጻፈው። ይህ ነገር ውጤት አለው። በቁጥሩ አምኖ «ኮምቦልቻ ተመልካች የለም፣ ኦንላይኑ ይቅር» የሚል ሰው ነገ ቢነሳ የምንጎዳው እኛ ነን።

ደሴ አይጠየፍ ያለባት ከተማ ናት። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል። ከዚያች ከተማ ስለ ፊልም ተጽፎ ጎረቤቷ ከበር ውጭ ስትቀር ያሳዝነኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያን ዐረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልን። የተቆጠረው መሣሪያ እንጂ ሰው እንዳልሆነ ጻፉ። አዘጋጆቹም ይህን ካነበቡ፣ ለከርሞ መመዝገቢያው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ስንት ሆናችሁ ነው የምታዩት?»

ሌላም አለኝ። ከፊልሙ በኋላ ያለው ውይይት በኦንላይን አይተላለፍም። ፊልሙ እንዳለቀ ስክሪኑ ይጠቁራል። ሀጂ ዳይሬክተሩን ሊጠይቁት የፈለጉት ነገር ነበር። ገበሬው ከተማ ሲገባ በሬውን ለማን ሰጠው? ፊልሙ አያሳይም። ከቅዳሜ ጀምሮ ባገኙኝ ቁጥር እኔን ይጠይቁኛል።

የቀድሞ የቪዲዮ ቤት ባለቤት
ከኮምቦልቻ