የ20 ዶላር ምክር

መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረውና፣ የአባባ የግራ እግር አውራ ጣት መቆረጡን ሰምቻለሁ። የነገረችኝ ማሚቱ ናት፤ እንዳትቆጫት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልደወልሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ድምፅሽን ስሰማ የምለው ስለጠፋኝ ነው።

ትናንት 300 ዶላር ልኬያለሁ። ለቁስሉ ማጠቢያና ለኢንሱሊኑ ነው፤ ለማሚቱ ሰርግ ብለሽ እንዳትደብቂው። የሰርጉን ለብቻው እልካለሁ።

እማዬ፣ ያን ዕለት ደውዬ «ዛሬውኑ ከጎንደር ውጡ» ስልሽ፣ «እኛ እዚሁ ተቀምጠን ያላየነውን አንተ ከየት አየኸው?» አልሽኝ። «ከውስጥ አዋቂ ነው» አልሁሽ። ውስጥ አዋቂው ማን እንደሆነ ዛሬ ልንገርሽ።

ማታ ማታ በዩቲዩብ ላይቭ የሚገባ አንድ ተንታኝ አለ። ከኋላው ካርታ ሰቅሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ስናገር ለሕይወቴ እየሰጋሁ ነው» ይላል። (የሚኖረው እኔ ካለሁበት 20 ደቂቃ ቢርቅ ነው። ማን ሊነካው!) ጦርነቱ ድራማ ነው፣ ሁለቱም ወገኖች ሆቴል ቁጭ ብለው የተስማሙበት ነው፣ የተፈለገው ጎንደርን ባዶ ማድረግ ነው፣ ቀኑም ከጥምቀት በፊት ተቆርጧል አለ። እኔም ልጅሽ፣ የጎረቤታችን ልጅ በዚሁ ጦርነት አፈር መግባቱን እያወቅሁ፣ «ድራማ» ባለ ቁጥር ራሴን እነቀንቅ ነበር። በሱፐር ቻት፣ ማለት ላይቭ ላይ ከፍለሽ መልእክት በምትጽፊበት፣ 20 ዶላር ላክሁና «ጎንደር ያሉት ቤተሰቦቼ ይውጡ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። «ወንድሜ፣ ጊዜ የለህም» አለኝ። ውስጥ አዋቂው ይኸው ነው። በዛሬው ምንዛሪ ከ2,000 ብር በላይ ከፍዬ ነው የገዛሁት።

ግን ሞኝ አድርገሽ ብቻ አትዪኝ። ኅዳር 2013 ሮኬት በጎንደር አየር ማረፊያ ወደቀ ሲባል «ወሬ ነው» ብዬ ተኛሁ፤ ስነቃ እውነት ነበር። ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ ኔት ጠፋ፣ ለዓመት ያህልም ተዘጋ። ስልኩ እየተቆራረጠ፣ አንድ «አለን» የምትል ቃል ለመስማት ሌሊቱን ስሞክር አድር ነበር። ያኔ ነው ይህ ሰውዬ የገባብኝ። እናንተ ዝም ስትሉ እሱ በየቀኑ ያወራኝ ነበር።

«ማታ ድሮን ሲመታ» ብዬ የላክሁላችሁን ቪዲዮማ አብሮኝ የሚሠራው ሰው ልጅ፣ ገና የ13 ዓመት ጩጬ፣ አይቶ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጌም ነው፤ አርማ 3 ነው» ብሎ ከፍቶ አሳየኝ። ለካ የዚህ ጌም ቪዲዮ በዩክሬን ጦርነትም ስም ሲዞር ኖሮ፣ የጌሙ ሠሪዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ሰው እንዳይታለል መግለጫ አውጥተውበታል። እኔ ለካ አባቴን ከቤቱ ያስወጣሁት በልጆች ጨዋታ ነው።

ጥምቀት ደርሶ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ወርደው ሲመለሱ፣ ተንታኙ «እኛ ስላጋለጥነው ሴራውን ተዉት» አለ። ቢሆንም ልክ ነው፣ ባይሆንም ልክ ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያው ገቢ ከመቶ 55ቱን ይሰጠዋል፤ ስንፈራ ደግሞ ደጋግመን ነው የምናየው። እናንተ ያን ጊዜ ቆላ ድባ የሰው ቤት ነበራችሁ።

እኔን የሚያቃጥለኝ ጫማው ነው። ለሰርጉ ብዬ የላክሁለትን አዲስ ጫማ ቤት ጥሎት ለመውጣት ሳስቶ አድርጎት ወጣ አሉኝ። መኪናው መንገድ ላይ ሲያወርዳችሁ ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ጠባብ ጫማ! ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ቢያመው ኖሮ ያወልቀው ነበር። እባክሽ ማታ ማታ እግሩን እዪለት፣ የጣቶቹን መሀል ሳይቀር። ውሃውን በክንድሽ ሳትለኪ እንዳይነክር፣ ባዶ እግሩንም ግቢ እንዳይወጣ።

ጠላውም ፈሰሰ። ጥር 18 የተቆረጠው ሰርግ በእኔ ስልክ ተበተነ፤ ማሚቱ ግን አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለዳግማይ ትንሣኤ ቆረጡ ስትለኝ መኪና ውስጥ ሆኜ አለቀስሁ። ወረቀቴ ገና ስለሆነ አልመጣም። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጎረቤቱ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ አንቺ «ማን አስቀመጠው?» እያልሽ መሶብ ስትፈልጊ ይታየኛል። አባባ ተቀምጦም ቢሆን ይመርቃት።

ማሚቱ፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ይቺን ዝለያት። ማታ የምሠራባት የፓርኪንግ ጎጆ ማሞቂያዋ ከተበላሸ ወር አለፈው። ሰውዬውን የምሰማው እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነበር። ትቼዋለሁ ብዬሽ ነበር አይደል? ትናንት ማታ ከፈትሁት። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ለእማ «ሥራው ተቀምጦ ነው፣ ቤቱም ሙቅ ነው» በያት።

እማዬ፣ አባባን ይቅር በለኝ ብሏል በይልኝ። ሌላ ጫማ ልገዛለት ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ተብሎ የሚሠራ፣ ሰፋ ያለ ለስላሳ አለ። ማሚቱ እግሩን ወረቀት ላይ አስቁማ ዙሪያውን በእርሳስ ታስምርና በሴንቲ ለክታ ትላክልኝ። የግራውን ከነ ፋሻው።

ልጅሽ