ሞተራችሁ ከመውረዱ በፊት

ለክቡራን ደንበኞቻችን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደን ሞተር ማሳደስን ይመለከታል

ጋራዣችን ከእንግዲህ ሞተር ለማሳደስ የሚመጣን ማንኛውንም መኪና፣ የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ባለንብረቱ አይቶ ሳይስማማበት ሞተሩን ከመኪናው እንደማያወርድ በአክብሮት እናስታውቃለን። ምርመራው በአብዛኛው የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ሞተሩ በእኛ ዘንድ የሚታደስ ከሆነ የምርመራው ክፍያ ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። አንዳንድ ደንበኞቻችን «ሞተሩ እንዳለቀለት እያወቅን ለምን ተጨማሪ ቀን እንጠብቃለን?» የሚል ቅሬታ ስላቀረቡልን፣ ምክንያታችንን በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በብዙ አገሮች የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ መኪናው ይጣላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። በእኛ አገር ግን ይህ ስሌት አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ መኪኖች ሲገቡ የሚከፈለውን ታክስ እጅግ አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚህም የተነሣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ኮሮላ እንኳ ዋጋው አልወረደም፤ ባለቤቱም ሸጦ በምትኩ የተሻለ ለመግዛት ቢነሣ ገበያው አያራምደውም። ይህ ሁኔታ ማሳደስን አዋጭ አድርጎታል። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የፒስተን፣ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና የብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ሽፋን) ዋጋ የት እንደደረሰ በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ ዕቃ የጠየቀ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና፣ ሳያስፈልግ ማሳደስም የዚያኑ ያህል ውድ ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው መኪናው ይታደስ ወይስ ይሸጥ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ሞተሩ በእርግጥ አልቋል ወይ የሚል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ማስረጃ የኪሎ ሜትሩ ንባብ ነው። እኛ ለዚህ ቁጥር የምንሰጠው ክብደት አነስተኛ ነው። አንደኛ፣ መኪናው ያገለገለ ሆኖ የገባ ከሆነ ቆጣሪው ከመግባቱ በፊት ወደኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ኪሎ ሜትር የሞተርን የሥራ ሰዓት በትክክል አያሳይም። በአማካይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር በሆነ ፍጥነት አገር አቋራጭ የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 71 ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ግን ለዚያው 5,000 ኪሎ ሜትር 250 ሰዓት ይሠራል። የሁለቱም ባለቤቶች «ዘይት የሚቀየረው በአምስት ሺህ ነው» ብለው ቢያምኑ፣ የሁለተኛው ዘይት ከመጀመሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። ስለሆነም 300,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ደኅና የሆነ ሞተር፣ 120,000 ላይ ደግሞ ያለቀለት ሞተር ብናይ አይገርመንም።

ሁለተኛው ማስረጃ ጭስ ነው። ጭስ ከኪሎ ሜትር የተሻለ ይናገራል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋት የሚታየውና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋው ነጭ ነገር የውኃ እንፋሎት በመሆኑ አያሳስብም። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ፣ የምንጠረጥረው የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከክዳኑ ሥር ያለውን ማሸጊያ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል፤ ሆኖም ጠዋት ሲነሣ ወይም መብራት ላይ ቆሞ እንደገና ሲንቀሳቀስ ብቻ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘይቱ የሚወርደው በአብዛኛው በደረቁ የቫልቭ ጎማዎች በኩል ነው። እነዚህን ጎማዎች በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታውን እንኳ ሳያወርዱ መቀየር ይቻላል። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ያለማቋረጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ሞተር ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቀዳዳ) የተበላ ስለመሆኑ ጠንካራ ጥርጣሬ ያሳድራል። በናፍጣ መኪኖች ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ማለት ስለሆነ መጀመሪያ የሚታዩት የአየር ማጣሪያው፣ የናፍጣ ፖምፓውና ናፍጣውን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ናቸው። ቱርቦ የሌላቸው እንደ ቶዮታ 2ኤልና 3ኤል ያሉ የናፍጣ ሞተሮች ፖምፓቸው ለቆላ እንደተስተካከለ በደጋ ሲሠሩ ጥቁር ማጨሳቸው የሚጠበቅ ነው፤ ለዚህ ሲባል ሞተር የሚያወርድ ባለሙያ የሚያወርደው በከንቱ ነው።

የምርመራው ዋና ክፍል የሲሊንደሮቹን ግፊት መለካት ነው። ሞተሩ ይሞቃል፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ የነዳጁ መስመርና የእሳቱ ኮይል ይነቀላሉ፤ ከዚያም የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር ያስነበበው ቁጥር ይመዘገባል። በከተማችን ዘወትር የሚዘነጋውም እዚህ ላይ ነው። አምራቹ በጥገና መጽሐፉ የሚያሰፍረው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር የተሰላ ነው። ለምሳሌ ለኮሮላ 4ኤ ሞተር መጽሐፉ 13.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትርን መደበኛ፣ 10ን ዝቅተኛ ወሰን አድርጎ ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ የአየሯ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሲሊንደሩ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይሳሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 13.5 የሚያስነብብ ጤነኛ ሞተር እዚህ ሲለካ ከ10 ብዙም አይርቅም። መጽሐፉን ብቻ ይዞ የሚለካ ሰው፣ ገና ብዙ ዓመት የሚሠራን ሞተር «ወሰኑ ላይ ደርሷል፣ ይውረድ» ሊል ይችላል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የወረዱ ሞተሮች በከተማችን ጥቂት አይደሉም ብለን እናምናለን።

በዚህ ምክንያት እኛ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ላለው ልዩነት ትኩረት እንሰጣለን፤ የ4ኤ መጽሐፍም ቢሆን ልዩነቱ ከ1 እንዳይበልጥ ያዛል። አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ሆነው በመጠኑ ዝቅ ቢሉ ሞተሩ በእኩል እያረጀ ነው፤ ጊዜ አለው። ሦስቱ ደኅና ሆነው አንዱ ብቻ ወደ 6 ቢወርድ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ቢወርዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መበላቱ አይቀርም። ቀጥሎ በቤንዚን ሞተሮች ላይ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረን እንደገና እንለካለን። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ስለዘጋው ነው፤ ካልጨመረ አየሩ የሚያመልጠው በቫልቭ ወይም በጓርኒሲዮን ነው። በናፍጣ ሞተር ይህን አናደርግም፤ የመጭመቂያው ክፍል ጠባብ ስለሆነና ዘይቱ ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል አደገኛ ነው። በምትኩ በኮምፕሬሰር አየር እንሞላና የሚያመልጥበትን ቦታ እናዳምጣለን፤ በጭስ ማውጫው ከተሰማ የጭስ ቫልቭ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የመግቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካስነሣ ጓርኒሲዮን ነው።

የዘይት ግፊትም በሜካኒካል መለኪያ ይታያል፤ የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት የሚበራው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነውና አይበቃም። ከሥር የሚሰማ ድብደባ ከዝቅተኛ የዘይት ግፊት ጋር ከተገናኘ ብሮንዚኑ ተበልቷል፤ እንዲህ ያለ መኪና እየተነዳ ወደ ጋራዥ ባይመጣ፣ ተጎትቶ ቢመጣ ይመረጣል። እየተደበደበ በተነዳ ቁጥር ኮሎው (ዋናው የሞተር ዘንግ) ይፋቃል፤ ብሮንዚን ቀይሮ የሚያልቀው ሥራም ኮሎ ወደ ማስፈጨት ያድጋል።

ምርመራው ሞተሩ በእርግጥ አልቋል ካለ፣ ከባዱ ውሳኔ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጥብቀን የምንቃወመው አሠራር «ፋሻ ብቻ ቀይሩልኝ» የሚለውን ነው። ሲሊንደሩ በላይኛው ክፍል የሰፋ፣ ከታች የጠበበ፣ ክብነቱንም ያጣ ከሆነ አዲስ ፋሻ ከግድግዳው ጋር ሊገጥም አይችልም፤ መኪናው ለጥቂት ወራት ደኅና መስሎ ይቆይና ወደ ጭሱ ይመለሳል፤ ባለንብረቱም የጓርኒሲዮን፣ የዘይትና የእጅ ዋጋን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ሞተር ሲወርድ ሲሊንደሮቹ በማይክሮሜትር ይለካሉ፤ ከወሰን ያለፉ እንደሆነ ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ ማሽን ቤት) ሄደው 0.50 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ፤ ለስፋቱ የሚመጥን ፒስተንና ፋሻም ይገጠማል። ቴስታታው ተፈትሾ ከተጣመመ ይላጋል፤ ቫልቮቹ ከመቀመጫቸው ጋር እንዲገጥሙ ይደረጋል፤ የዘይት ፖምፓው፣ የውኃ ፖምፓውና ቺንጊያው አብረው ይቀየራሉ። ከእነዚህ አንዱን «ይቆይ» ማለት ገንዘብ መቆጠብ ይመስላል፤ ነገር ግን የአሮጌ ውኃ ፖምፓ መፍሰስ የታደሰን ሞተር አፍልቶ ቴስታታውን ሊያጣምም ይችላል። በዚህ ከፍታ ግፊት ሳይደረግበት ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ስናስብ፣ ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ጎማ ማርጀት እንኳ የሚያስከትለው ቀላል አይደለም።

ሁሉም ሞተር አይሰፋም። 4ኤ፣ 5ኤ፣ 2ኤል፣ 1ኤችዜድና እነዚህን የመሰሉ የብረት ብሎክ ያላቸው ሞተሮች ለመስፋት የተመቹ ናቸው። በቪትዝ፣ በያሪስና በአዳዲሶቹ ኮሮላዎች ላይ የሚገኙት 1ኤንዜድ፣ 2ኤንዜድና 1ዜድዜድ ግን ብሎካቸው አሉሚኒየም፣ የሲሊንደራቸውም ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ አምራቹ እንዲሰፉ አልፈቀደም፤ የሰፋ ፒስተንም አያቀርብላቸውም። «ቶርኖ ቤቱ ይሰፋልኛል» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ይህን ማወቅ አለበት። በእርግጥ 1ዜድዜድ ዘይት የሚበላው ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩ ተበልቶ ሳይሆን በቀደሙት ፒስተኖች ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንንሽ በመሆናቸው በጥላሸት ተዘግተው ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ተለክቶ ደኅና ከሆነ የተሻሻለውን ፒስተንና ፋሻ መግጠም ይበቃዋል። ከዚህ ውጪ ያለው አማራጭ ከታረደ (ለመለዋወጫ ከተፈታታ) መኪና የወጣ ወይም በውጭ አገር ያገለገለ ሞተር መግዛት ነው። ይህን አንከለክልም፤ ሆኖም የሚገዛው ሞተር ከመከፈሉ በፊት ግፊቱ ቢለካ፣ ቢያንስ የዘይት ቋቱ ወርዶ የብረት ፍቅፋቂ መኖር አለመኖሩ ቢታይ እንመክራለን። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈረ ስለሆነ የሕጋዊነት ሰነዱ የተሟላ ካልሆነ፣ ሞተሩ ቢሠራም መኪናው በዓመታዊ ምርመራና በሽያጭ ጊዜ ችግር ይገጥመዋል።

ጭስ ለማጥፋት ዘይት የሚያወፍር ኬሚካል ስለመጨመርም በተደጋጋሚ እንጠየቃለን። ጊዜ ለመግዛት ያውም ባለቤቱ እያወቀ ከሆነ አንነቅፈውም፤ ሻጭ ለገዢ ሲያደርገው ግን ማታለል ነው፤ በዘይት ግፊት የሚሠራ ቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክል ሥርዓት) ባላቸው ሞተሮች ላይም አይመከርም። ዘይት ለመብላቱ አምራቾች ራሳቸው በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ፍጆታ የሚታገሡባቸው ሞተሮች አሉ፤ ስለዚህ በየወሩ ግማሽ ሊትር የሚጨምር ሰው፣ መኪናው ኃይል ካላጣና ካንዴላው ካልጠቆረ፣ መጨመሩን ቢቀጥል ከማሳደስ ብዙ ይረክስበታል። የሰውነቱ ብረት በዝገት የተበላ ወይም ካምቢዮውም አብሮ ያለቀ መኪና ከሆነ፣ ሞተሩ ቢታደስም ባለቤቱ እንደማይጠቀም በጽሑፍ እንገልጽለታለን፤ ሥራው ቢያመልጠንም።

የታደሰ ሞተር የተረከቡ ደንበኞቻችን የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን ሳያስጮኹ፣ ከባድ ጭነት ሳይጭኑና በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ሳይቆዩ እንዲነዱ፣ በ500 ኪሎ ሜትር ዘይትና ማጣሪያ ለማስቀየር እንዲመለሱ እናሳስባለን። ዋስትናችን የሚጸናው ይህ ከተፈጸመና በራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውኃ ሳይሆን ኩላንት ከተሞላ ነው።

ለምርመራ ስትመጡ ሊብሬውን፣ የመጨረሻዎቹን የሰርቪስ ደረሰኞች ካሏችሁና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ምን ያህል ዘይት እንደጨመራችሁ የሚያሳይ ማስታወሻ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ማየት ስለምንፈልግም በተቻለ መጠን መኪናው ከሌሊቱ ጀምሮ ጋራዡ ግቢ እንዲያድር በዋዜማው ከሰዓት እንድታስረክቡን እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር
የጋራዡ አስተዳደር